በአስፈሪ ፊልሞች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች የእነማን ናቸው? ምንስ ይናገራሉ?

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 'ሳይኮ' የተሰኘውን ፊልሙን ያስተዋወቀው ራሱ በቀረበበት ስድስት ደቂቃ ገደማ በሚረዝም የማስታወቂያ ፊልም ነበር። ዳይሬክተሩ ግድያ የተፈጸመበትን ሞቴል እንደ አስጎብኚ እየተዘዋወረ ያሳያል። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ሳሎን ሲደርስ በግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ሥዕል ያመለክትና ሥዕሉ ትልቅ ትርጉም እንዳለው መናገር ይጀምራል። ምክንያቱን ሳይገልጽ ግን ንግግሩን አቋርጦ ወደ ሌላ ክፍል ያመራል።

ያን የተቋረጠ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ተመልካቾች ግን ሥዕሉን ያዩት ለጥቂት ሰከንዶች፣ በጥቁርና ነጭ ምስል፣ ከተዋናዩ ትከሻ በስተኋላ ነው።

በአስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ከበስተጀርባ የሚታዩ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በሙዚየም የሚገኙ የታወቁ ሥራዎች ናቸው፤ ሌሎቹ ለፊልሙ ተብለው የተሣሉ ናቸው። የፊልሙን ፍጻሜ አስቀድመው የሚጠቁሙም አሉ። የሥዕሎቹን ማንነት መለየት ግን የፊልም አፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ታሪክ፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ በዚያ ላይ ይመሠረታል።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ እስካልተገለጸ ድረስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉ የአንዳንድ ፊልሞችን ፍጻሜ ይገልጣል።)

ሶስና በሞቴሉ ግድግዳ ላይ

በ'ሳይኮ' የሞቴሉ ባለቤት ኖርማን ቤትስ ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ ያነሣል። ከጀርባው ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው አጮልቆ በቀጣዩ ክፍል ልብሷን የምታወልቀውን እንግዳ ማሪዮን ክሬንን ይመለከታል። ጥቂት ቆይቶ ማሪዮን ገላዋን በመታጠብ ላይ ሳለች ትገደላለች።

ቀዳዳውን የሸፈነው ሥዕል የሶስናንና የሁለቱን ሽማግሌዎች ታሪክ የሚያሳይ ሲሆን ሠዓሊው ኔዘርላንዳዊው ቪለም ፋን ሚሪስ እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩ ከነቢዩ ዳንኤል መጽሐፍ ጋር የተያያዘ ነው፦ ሁለት ሽማግሌ ዳኞች በአትክልት ስፍራ ተደብቀው ገላዋን ልትታጠብ የመጣችውን ሶስናን ይመለከታሉ፤ ፈቃዳቸውን እንድትፈጽም ያስፈራሯታል፤ እምቢ ስትላቸው በሐሰት ይከሷታል። ሞት ከተፈረደባት በኋላ ወጣቱ ዳንኤል ሽማግሌዎቹን ለየብቻ መርምሮ ውሸታቸውን ያጋልጣል።

ይህ ታሪክ በፕሮቴስታንት መጽሐፍ ቅዱስ ከቀኖናው ውጭ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠር በመሆኑ ሶስና ለብዙ አማርኛ አንባቢ የታወቀች ናት። በዚህ ረገድ የሠዓሊውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች፣ ሥዕሉን በግልጽ ካየው፣ ትዕይንቱን ለመረዳት ከብዙ አሜሪካውያን ተመልካቾች የቀረበ ነው።

ሥዕሉ ከታወቀ በኋላ የሂችኮክ የተቋረጠ ንግግር ይሟላል። ተደብቆ ሴትን የሚመለከት ሰው ቀዳዳውን የሸፈነው፣ ተደብቀው ሴትን በሚመለከቱ ሰዎች ሥዕል ነው። በመጽሐፉ ሶስናን የሚያድን ዳንኤል አለ፤ ለማሪዮን ግን ማንም አይደርስላትም።

በዚሁ ፊልም ከሞቴሉ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ የሚታየው ቤትም ምንጩ ሥዕል እንደሆነ ይነገራል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሆፐር በ1925 የሣለውና 'በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለው ቤት' የተሰኘው ይህ ሥራ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

የኦቨርሉክ ሆቴል ሥዕሎች

ከበስተጀርባ ባሉ ሥዕሎቹ ብዙ ከተመረመሩት ፊልሞች አንዱ የስታንሊ ኩብሪክ 'ዘ ሻይኒንግ' ነው። በስቲቨን ኪንግ የ1977 ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1980 የወጣው ይህ ፊልም፣ በክረምት ወራት ተዘግቶ በሚከርም የኮሎራዶ ሆቴል ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ አባት፣ እናትና ልጅን ታሪክ ይተርካል። አባትየው ቀስ በቀስ አእምሮውን ይስታል።

ታሪኩ በአሜሪካ ቢሆንም የሆቴሉ የውስጥ ክፍሎች የተሠሩት በእንግሊዝ፣ ለንደን አቅራቢያ ባለው የኤልስትሪ ስቱዲዮ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ ከተሰቀሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ ደግሞ የካናዳውያን ሥራዎች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አሌክስ ኮልቪል በ1954 የሣለው 'ፈረስና ባቡር' ይገኝበታል። ሥዕሉ የሚታየው ቤተሰቡ ወደ ሆቴሉ ከመሄዱ በፊት በሚኖርበት አፓርታማ ውስጥ፣ እናትየውና ልጁን ለመመርመር የመጣችው ሐኪም በሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች ቀና ብለው አያዩትም፤ ካሜራውም አይቆምበትም።

በሥዕሉ ላይ አንድ ጥቁር ፈረስ በምሽት ድንግዝግዝታ በባቡር ሐዲድ መካከል ይጋልባል። ከፊት ለፊቱ መብራቱን ያበራ ባቡር እየመጣ ነው። ፈረሱ አይዞርም፤ ባቡሩም የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለውም። ግጭቱ ገና አልደረሰም፤ ሆኖም የሚቀር አይመስልም። የሥዕሉ መነሻ ደቡብ አፍሪካዊው ገጣሚ ሮይ ካምቤል የጻፋቸው ሁለት ስንኞች ነበሩ። ዛሬ ሥዕሉ በካናዳ የሃሚልተን የሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛል።

ኮልቪል አስፈሪ ነገር ለመሣል የተነሣ ሰው አልነበረም። ባለቤቱን፣ ውሾችን፣ ወንዝንና ተራ የቤት ውስጥ ሕይወትን በጥንቃቄ በተለካ መስመር ይሥል ነበር። ካናዳ በ1967 የምሥረታዋን መቶኛ ዓመት ስታከብር የታተሙትን ሳንቲሞች የነደፈው እርሱ ነው፤ ርግብ፣ ጥንቸልና ተኩላን የመሳሰሉ እንስሳት ተቀርጸውባቸዋል። ይሁን እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ ጦር ሠዓሊ ሆኖ ባገለገለበት ወቅት በ1945 በርገን ቤልሰን ወደተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ገብቶ በጅምላ መቃብር የተጣሉ አስከሬኖችን ሥሏል። በኋላ በሠራቸው ጸጥ ያሉ ሥዕሎች ውስጥ ብዙዎች የሚያስተውሉት ሥጋት፣ ማለትም በተራው ቀን ውስጥ ክፉ ነገር ሊከሠት ይችላል የሚለው ስሜት፣ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል።

የቶሮንቶው የኦንታሪዮ የሥነ ጥበብ ማዕከል ኮልቪል በሞተ በዓመቱ፣ በ2014፣ ባዘጋጀው ትልቅ ዐውደ ርዕይ ሥዕሎቹ ከ'ዘ ሻይኒንግ' እና ከሌሎች ፊልሞች ጋር ያላቸውን ትስስር ለጎብኚዎች አሳይቷል። ለጥቂት ሰከንዶች ከበስተጀርባ የታየ ሥዕል በዚህ መልኩ ከፊልሙ ወደ ሠዓሊው የሚመራ መንገድ ሆነ።

ባለቤቱ የማይታወቅ ምድር፣ ስሙ የማይጠቀስ ሠዓሊ

በሆቴሉ ግድግዳዎች ላይ ከሚታዩት ውስጥ ደማቅ ቀለምና ወፍራም ጥቁር መስመር ያላቸው የኖርቫል ሞሪሶ ሥዕሎችም አሉ። 'ታላቋ የምድር እናት' የተሰኘው የ1976 ሥራውና የወፎች መንጋን የሚያሳየው የ1975 ሥዕሉ ተለይተው ታውቀዋል።

ሞሪሶ አኒሺናቤ ከተባለው የካናዳ ነባር ሕዝብ የተወለደ ሲሆን የአያቶቹን ተረቶችና ራእዮች ወደ ዘመናዊ ሥዕል በማምጣት 'ዉድላንድ' የተባለውን የአሣሣል ስልት መሥርቷል። በልጅነቱ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው በሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት አልፏል። በ2006 የካናዳ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሥራዎቹን ለብቻ ሲያሳይ፣ በተቋሙ እንዲህ ያለ የግል ዐውደ ርዕይ የቀረበለት የመጀመሪያው የካናዳ ነባር ሕዝብ ሠዓሊ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ዐረፈ።

በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሕንጻው በ1907 ተጀምሮ በ1909 እንደተጠናቀቀ ለአዲሶቹ ተቀጣሪዎች ይተርካል። ቦታው የነባር ሕዝቦች የመቃብር ስፍራ እንደነበረ እንደሚነገር፣ ግንባታው ሲካሄድም ጥቃታቸውን መመከት አስፈልጎ እንደነበር እንደ ቀላል ወሬ ጣል አድርጎ ያልፋል። ይህን የሰማ ተመልካች በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል የማን እንደሆነ ሲያውቅ ሆቴሉን በሌላ ዐይን ያየዋል። በሙታናቸው ላይ ሕንጻ የቆመባቸው ሰዎች በፊልሙ ውስጥ እንደ ሕያዋን አይቀርቡም፤ የሥዕል ጥበባቸው ግን ለእንግዶች ማሳመሪያ ተሰቅሏል። ኩብሪክ ይህን አስቦበት እንደሆነ ተቺዎች ይከራከራሉ። ሥዕሎቹ መኖራቸው ግን አያከራክርም።

ሞሪሶን በተመለከተ 'ይህ ሥዕል የማን ነው?' የሚለው ጥያቄ ከፊልም ወጥቶ የወንጀል ምርመራ ሆኗል። በስሙ ሐሰተኛ ሥዕሎች በብዛት ሲሸጡ መቆየታቸውን በ2019 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ካጋለጠ በኋላ የኦንታሪዮ ፖሊስ ምርመራ ከፈተ። በመጋቢት 2023 ስምንት ሰዎች ተከሰሱ፤ ከ1,000 በላይ ሐሰተኛ ናቸው የተባሉ ሥዕሎችም ተያዙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከዋነኞቹ ተከሳሾች አንዱ ጥፋተኝነቱን አምኖ የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ጉዳቱ ገዢዎች በከሰሩት ገንዘብ ብቻ አይለካም። ሐሰተኞቹ ሥዕሎች ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅለው በየሰብሳቢው ቤትና በየማዕከሉ በመግባታቸው የሠዓሊው የሕይወት ዘመን ሥራ በሙሉ የሚጠረጠር ሆነ። በዚህ መካከል አንድ ሥዕል በ1980 በወጣ ፊልም ላይ መታየቱ ለታሪክ አጥኚ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ሥራው ቢያንስ ከዚያ ቀን በፊት እንደነበረ የሚያስረዳ፣ ቀኑ የታወቀ ምስክር ነውና።

ከአልጋው በላይ ያለው ድብ

የአሪ አስተር 'ሚድሶማር' በ2019 ሲወጣ ብዙ ተመልካቾች በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ያለፈ አንድ ሥዕል ያስታወሱት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነበር። ዳኒ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ቤተሰቧን በአሰቃቂ ሁኔታ ካጣች በኋላ በተኛችበት አልጋ ራስጌ፣ ዘውድ የደፋች ትንሽ ልጅ ከግዙፍ ድብ ጋር ፊት ለፊት የቆመችበት ሥዕል ተሰቅሏል።

ሥዕሉ የስዊድናዊው ዮሐን ባወር ሲሆን፣ በ1912 ለልጆች የተረት መጽሐፍ ያዘጋጀው ነው። ርዕሱ 'ምስኪን ትንሽ ድብ' እንደ ማለት ነው። ባወር በዘመኑ በስዊድን ደኖች ውስጥ የሚኖሩ የተረት ፍጡራንን በመሣል የታወቀ ነበር። በኅዳር 1918 ከባለቤቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ሲጓዝ የተሳፈሩባት መርከብ በቬተርን ሐይቅ ሰጥማ ሦስቱም ሞተዋል።

በፊልሙ ፍጻሜ ዳኒ በስዊድን ገጠር በሚከበር በዓል የአበባ ዘውድ ደፍታ ንግሥት ትባላለች። ከእርሷ ጋር የመጣው የወንድ ጓደኛዋ በድብ ቆዳ ውስጥ ተሰፍቶ በእሳት ይቃጠላል። ዘውድ የደፋችው ልጅና ድቡ ገና ከመጀመሪያው በግድግዳው ላይ ነበሩ። የርዕሱ ርኅራኄም ለማን እንደሆነ ያኔ ይገለጣል።

ባወር ግን ይህን ሁሉ አላሰበም። እርሱ የሣለው ለልጆች ነው። የሚረብሸውን ነገር በሥዕሉ ላይ የጨመረው ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ፊልም ነው። ብዙዎቹ በአስፈሪ ፊልም የታዩ ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ፍርሃቱ ከሥዕሉ ብቻ አይመነጭም፤ ሥዕሉ ከተሰቀለበት ክፍልና በክፍሉ ከሚፈጸመው ነገር ጋር ሲገናኝ ይወለዳል።

ለፊልም ተብለው የተሣሉ

ተመልካች የሚፈልገው ሥዕል በየትኛውም ሙዚየም የማይገኝበት ጊዜም አለ። በ1945 በወጣው 'የዶሪያን ግሬይ ሥዕል' ፊልም ባለታሪኩ ሳያረጅ ሲኖር ሥዕሉ በእርሱ ፈንታ ኃጢአቱንና እርጅናውን ይሸከማል። የበሰበሰውን ገጽታ ለፊልሙ የሣለው የቺካጎው ሠዓሊ አይቫን ኦልብራይት ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ሥዕሉ በሚታይባቸው ጥቂት ቅጽበቶች ብቻ በቀለም ይቀርባል። ለቀረጻ የተሠራው ያ ሥዕል በኋላ ራሱን የቻለ የጥበብ ሥራ ሆኖ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ገብቷል።

በ2017 በወጣው 'ኢት' ደግሞ አንድ ልጅ በአባቱ ቢሮ ውስጥ ያለች ፊቷ የተዛባ ሴት ሥዕል ታስፈራዋለች፤ በኋላም ከሥዕሉ ወጥታ ታሳድደዋለች። ሥዕሉ የታወቀ ሥራ አይደለም። ዳይሬክተሩ አንዲ ሙሺዬቲ በልጅነቱ በቤታቸው ተሰቅሎ የነበረ የአሜዴዮ ሞዲልያኒ ሥዕል ቅጂ ያስፈራው እንደነበር ተናግሯል። የሞዲልያኒ ረጃጅም አንገቶችና ብሌን አልባ ዐይኖች ለብዙዎች የውበት ምልክት ናቸው፤ ለአንድ ልጅ ግን የጭራቅ መልክ ነበራቸው። እንዲህ ባለው ሥዕል ላይ የሚደረግ ፍለጋ የሚያደርሰው ወደ አንድ የሥዕል ርዕስ ሳይሆን ስልቱ ወደተወሰደበት ሠዓሊ ነው።

ከ40 ዓመታት በላይ የፈጀው ፍለጋ

በ'ዘ ሻይኒንግ' እጅግ የሚታወሰው በግድግዳ ላይ ያለ ምስል ሥዕል ሳይሆን ፎቶግራፍ ነው። ፊልሙ የሚያበቃው በ1921 በተደረገ የዳንስ ምሽት ላይ የተነሡ በርካታ ሰዎች በሚታዩበት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። በመካከላቸው፣ ከፊት፣ ተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን ፈገግ ብሎ ቆሟል።

ኩብሪክ ፎቶው እውነተኛ እንደሆነና ከፎቶ ክምችት እንደተገኘ፣ የኒኮልሰን ፊትም በሌላ ሰው ፊት ላይ እንደተተካ ገልጾ ነበር። ያ ሰው ማን እንደነበር፣ ፎቶው የትና ለምን እንደተነሣ ግን ሳይታወቅ ከ40 ዓመታት በላይ አለፈ። ባዶውን ቦታ ግምት ሞላው። በፎቶው ላይ ታላላቅ የባንክ ባለቤቶችና ፖለቲከኞች አሉ የሚሉ የሤራ ትንታኔዎችም ተሠራጩ።

መልሱ በ2025 ይፋ ሆነ። ጡረታ የወጡት እንግሊዛዊ ምሁር አላስዴር ስፓርክ እና የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ኤሪክ ቶለር ከሌሎች ፈላጊዎች ጋር በመሆን የፎቶውን ምንጭ አገኙ። መጀመሪያ የፊት ገጽታን የሚያነጻጽር ሶፍትዌር የተተካውን ሰው ማንነት ጠቆመ፤ ሳንቶስ ካሳኒ የተባለ፣ በደቡብ አፍሪካ የተወለደ የለንደን ዳንስ አስተማሪ ነበር። በሶፍትዌሩ ጥቆማ ብቻ ግን አልረኩም። የቆዩ ጋዜጦችንና የፎቶ መዝገቦችን ማገላበጥ ቀጠሉ። በመጨረሻም የመጀመሪያው ኔጌቲቭ በጌቲ ድርጅት ክምችት ውስጥ ተገኘ። ፎቶው የተነሣው የካቲት 14 ቀን 1921 በለንደን ኬንሲንግተን ሮያል ፓላስ ሆቴል በተካሄደ የቫለንታይን ቀን የዳንስ ምሽት ላይ ነበር።

በፎቶው ላይ የተሸሸገ ፖለቲከኛ አልነበረም። የነበሩት አንድ ምሽት ለመደነስ የወጡ የለንደን ሰዎች ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት የተነገረው የሤራ ወሬ የቆመው የአንድ ፎቶ ቀንና ቦታ ሲታወቅ ነው።

ሥዕሉን እንዴት መለየት ይቻላል?

የእነዚህ ፍለጋዎች አካሄድ ተመሳሳይ ነው። በፊልም ውስጥ ያየውን ሥዕል ማንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰውም ሊከተለው ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ጥሩ ምስል ማግኘት ነው። ፊልሙን በተገኘው ከፍተኛ ጥራት ከፍቶ ሥዕሉ በሚታይበት እያንዳንዱ ቅጽበት ማቆምና ምስሉን መያዝ ይመከራል። አንድ ሥዕል በአንዱ ትዕይንት ግማሹ ቢሸፈን በሌላው ሊገለጥ ይችላል። ከጎን የታየ ሥዕል በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ቀጥ እንዲል ተደርጎ ክፈፉና ተዋናዩ ተቆርጠው ሲወጡ ለፍለጋ ይመቻል።

ሁለተኛው በምስል መፈለግ ነው። ጉግል ሌንስና ቲንአይን የመሳሰሉ አገልግሎቶች አንድ ምስል በኢንተርኔት የት የት እንደሚገኝ ያሳያሉ። ውጤት ካልተገኘ ምስሉን ግራና ቀኝ ገልብጦ መሞከር፣ ወይም ጎላ ያለውን አንድ ክፍል ብቻ ቆርጦ መፈለግ ይረዳል።

ሦስተኛው ሥዕሉን በቃላት መግለጽ ነው። 'ጥቁር ፈረስ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ምሽት' የሚሉት ሦስት ነገሮች ብቻ በአንድ የሙዚየም ካታሎግ ውስጥ ሊያደርሱ ይችላሉ። ትልልቅ ሙዚየሞች ዛሬ ስብስባቸውን በኢንተርኔት በነጻ ከፍተዋል። ርዕሰ ጉዳዩ ከሃይማኖት ወይም ከተረት የተወሰደ ከሆነ ታሪኩን ማወቅ ከማንኛውም ሶፍትዌር ሊበልጥ ይችላል፤ ሶስናን የሚያውቅ ሰው የፍለጋውን ግማሽ ጨርሷል።

አራተኛው ከፊልሙ ራሱ መነሣት ነው። በፊልሙ መጨረሻ በሚያልፈው የምስጋና ዝርዝር ውስጥ ሥዕሎቻቸው የታዩ ሠዓሊዎች ወይም ፈቃድ የሰጡ ተቋማት ሊጠቀሱ ይችላሉ። የፊልሙ የቀረጻ ስፍራ ንድፍ ባለሙያዎች በቃለ ምልልስ የሚናገሩትም ጠቃሚ ነው። ፊልሙ የተቀረጸበት ዓመትም ገደብ ያበጃል፤ በ1980 በወጣ ፊልም ላይ ከዚያ በኋላ የተሣለ ሥዕል ሊኖር አይችልም።

የመጨረሻው ማረጋገጥ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ አገልግሎቶች የሌለ ርዕስ ወይም የተሳሳተ ሠዓሊ በሙሉ እርግጠኝነት ሊጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ የተገኘውን ስም ሥራው በሚገኝበት ሙዚየም መዝገብ ላይ ካለው ምስል ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የእጅ ጣት አቀማመጥ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የጥላ አቅጣጫ ሳይቀር ከተመሳሰሉ ብቻ መልሱ መልስ ይሆናል። በፊልም የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ሥዕል ሳይሆን የኅትመት ቅጂው እንደሆነም መዘንጋት አይገባም።

መታወቅና አለመታወቅ በሕግ ፊት

በግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ለተመልካች ጌጥ ቢመስልም ለሕግ ባለቤት ያለው ሥራ ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የታዩ ሁለት ጉዳዮች ሥዕል ተለይቶ መታወቁ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያሉ።

አፍሪካ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ፌዝ ሪንጎልድ ሥራዋን የያዘ ፖስተር በአንድ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ላይ ያለ ፈቃዷ በመታየቱ ከሰሰች። ፖስተሩ የታየው በዘጠኝ ቅጽበቶች፣ በድምሩ ከ27 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1997 ሥራው ሊታወቅ በሚችል መልኩ መታየቱን ጠቅሶ አጠቃቀሙን ኢምንት ነው ብሎ ማለፍ እንደማይቻል ወሰነ።

በቀጣዩ ዓመት ያው ፍርድ ቤት 'ሰቨን' በተሰኘው ፊልም ውስጥ በገዳዩ መኖሪያ ቤት የተሰቀሉ ፎቶግራፎቹ ያለ ፈቃድ መታየታቸውን በመግለጽ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ያቀረበውን አቤቱታ ተመለከተ። የታዩት በድምሩ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ምስሎቹ የደበዘዙና የተሸፈኑ በመሆናቸው ተመልካች ለይቶ ሊያውቃቸው አይችልም በሚል ሳይሳካለት ቀረ። ልዩነቱን የፈጠረው የሰከንዶቹ ብዛት አልነበረም፤ ሥራው መታወቅ መቻሉ ነበር።

ሌላው ጉዳይ በ1997 የወጣውን 'ዘ ዴቪልስ አድቮኬት' ይመለከታል። ቀራጺው ፍሬድሪክ ሃርት፣ ሰይጣን ሆኖ የተወነው አል ፓቺኖ በሚኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ቅርጽ በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል የፊት ገጽ ላይ ከሠራው የፍጥረት ቅርጽ ጋር እጅግ ይመሳሰላል ሲል ካቴድራሉን ይዞ ከሰሰ። በፊልሙ ቅርጹ ነፍስ ዘርቶ ይንቀሳቀሳል። ለቤተ ክርስቲያን የተሠራ ሥራ የሰይጣን ቤት ጌጥ መስሎ መታየቱ ቀራጺውን አስቆጥቶት ነበር። ጉዳዩ በ1998 በስምምነት ሲያልቅ የፊልሙ አከፋፋይ ቅርጹ ከሃርት ሥራ ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚገልጽ ማሳሰቢያ በቪዲዮ ካሴቶቹ ላይ ለመለጠፍና በኋላ በሚወጡት ቅጂዎች ላይ ትዕይንቱን ለማስተካከል ተስማማ።

በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሥዕልን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል። ለሠዓሊው የሥራው አመንጪ ሆኖ የመታወቅ መብት ይሰጣል፤ የገንዘብ ጥቅም የሚያስገኘው መብት ደግሞ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። በአዲስ አበባ ለፊልም ቀረጻ በሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕልም ከዚህ ውጭ አይደለም።

'ሳይኮ' ከወጣ ከ60 ዓመታት በላይ አልፎታል። ሂችኮክ ያቋረጠውን ዐረፍተ ነገር ዛሬ ማንኛውም ተመልካች ፊልሙን ለአፍታ አቁሞ ሊጨርሰው ይችላል። ኖርማን ቤትስ ሥዕሉን የሰቀለው ቀዳዳውን እንዲሸፍንለት ነበር፤ ሶስናን ለሚያውቃት ግን ሥዕሉ የሸፈነው ነገር የለም።